ሎርድ ኒውበርገር፦ ከቢንያም መሐመድ መዝገብ እስከ ሆንግ ኮንግ ችሎት

ኦገስት 12 ቀን 2024 የሆንግ ኮንግ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሰባት ታዋቂ የዴሞክራሲ ታጋዮችን ይግባኝ ውድቅ አደረገ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከሰባቱ አንዱ የተዘጋው የ«አፕል ዴይሊ» ጋዜጣ ባለቤት ጂሚ ላይ ናቸው። ሌላው የ86 ዓመቱ አንጋፋ ጠበቃ ማርቲን ሊ ናቸው። ጥፋታቸው የተባለው ከአምስት ዓመት በፊት ፖሊስ ባልፈቀደው ሰልፍ ላይ መሳተፋቸው ነው። አምስት ዳኞች ተሰየሙ፣ አምስቱም በአንድ ድምፅ ወሰኑ። ከአምስቱ አንዱ የሆንግ ኮንግ ሰው አይደሉም። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት ሎርድ ዴቪድ ኒውበርገር ናቸው።

ለንደን ውስጥ ብዙ ሰው ጉድ አለ። ምክንያቱም ኒውበርገር በዚያው ሰሞን ለፕሬስ ነፃነት የሚሠራ የዓለም አቀፍ የሕግ ባለሙያዎች ቡድን ሊቀመንበር ነበሩ። የፕሬስ ነፃነት ጠበቃ ነኝ የሚል ሰው በጋዜጣ ባለቤት ላይ የተላለፈ ፍርድ ሲያጸና ማየት ለብዙዎች አልዋጥ አለ። በቀናት ውስጥ የቡድኑን ሊቀመንበርነት ተዉት። የሆንግ ኮንጉን ወንበር ግን አልተዉትም።

የኒውበርገርን ስም ሰምቶ የማያውቅ የአማርኛ አንባቢ ብዙ ይሆናል። ቢሆንም ከሠሯቸው መዝገቦች መካከል የአንድ ኢትዮጵያዊ መዝገብ አለ። እኔ እንደሚመስለኝ የሆንግ ኮንጉ ነገር በደንብ የሚገባን ከዚያ መዝገብ ስንነሳ ነው። በሁለቱም ቦታ ደግሞ አንድ ሌላ ሰው ከፊታቸው ይቆማል፤ መጀመሪያ ጠበቃ፣ በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ጆናታን ሳምፕሽን።

በቅድሚያ ግን «ሎርድ» ስለሚባለው ነገር ትንሽ ልበል። ብሪታንያ ውስጥ ሎርድ የሚባል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከአባቱ የወረሰው አለ። ለፓርቲ ስለሠራ ወይም በሙያው ስለታወቀ ለዕድሜ ልኩ የተሰጠው አለ። ከ1876 ጀምሮ ደግሞ ዳኛ ስለሆነ ብቻ ሎርድ የሚሆን ሰው ነበር። እስከ 2009 ድረስ የአገሪቱ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ለብቻው የቆመ ተቋም አልነበረማ። የፓርላማው የላይኛው ምክር ቤት አንድ ኮሚቴ ነበር። እዚያ ለመፍረድ የምክር ቤቱ አባል መሆን ግድ ስለሆነ፣ ዳኛው ሲሾም የዕድሜ ልክ ሎርድነት አብሮ ይሰጠዋል። እነዚህ «የሕግ ሎርዶች» ጠዋት ይፈርዳሉ፤ ከሰዓት ካሻቸው ገብተው ስለ ሕግ ረቂቅ ይከራከራሉ። በወጉ ብዙዎቹ ከፖለቲካ ክርክር ይርቁ ነበር። ግን የሚከለክላቸው አልነበረም።

በ2005 የወጣ ሕግ ይህን ቀየረው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከፓርላማው ተለይቶ ወጣና ኦክቶበር 1 ቀን 2009 ከፓርላማው አደባባይ ማዶ ባለው ሕንፃ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የሚሾሙ ዳኞች «ሎርድ» ወይም «ሌዲ» ተብለው ይጠራሉ እንጂ የምክር ቤት አባል አይደሉም። መጠሪያ ብቻ ነው። ሳምፕሽን እንዲህ ያሉ ሎርድ ናቸው። ኒውበርገር ግን በጃንዋሪ 2007 በአሮጌው ሥርዓት ስለተሾሙ ሙሉ ማዕረጉ አላቸው፤ ባሮን ኒውበርገር ኦፍ አቦትስበሪ። ዳኝነቱ ቢያበቃም ይህ ስም አያበቃም።

ወደዚያ ወንበር የመጡበት መንገድ ቀጥ ያለ አልነበረም። አባታቸው አልበርት ኒውበርገር ከናዚ ጀርመን የሸሹ አይሁዳዊ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ነበሩ። በ1948 የተወለዱት ዴቪድ ኦክስፎርድ ገብተው ኬሚስትሪ ተማሩ። ከዚያ ሮትስቻይልድ ባንክ ጥቂት ዓመት ሠሩ። በ1974 ጠበቃ ሆኑ። የሚታወቁት በመሬትና በቤት ኪራይ ክርክር ነው። አከራይና ተከራይ፣ የውል ዘመን፣ የድንበር ጭቅጭቅ። ስለ ሥልጣን ክፍፍል የሚፈላሰፍ የሕገ መንግሥት ምሁር አልነበሩም። በ1996 የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ፣ በ2004 የይግባኝ ሰሚው ዳኛ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የሕግ ሎርድ ሆኑ። በብሪታንያ የዳኝነት ዓለም ይህ ፈጣን እድገት ነው።

የሚገርመው አዲሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲቋቋም ኒውበርገር ደስተኛ አልነበሩም። ሊከፈት ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ለቢቢሲ በሰጡት ቃለ ምልልስ ሐሳቡ በውስኪ ብርጭቆ ላይ በመጨረሻ ሰዓት የተወሰነ ይመስላል ብለው ቀለዱ። ፍርሃታቸው ዳኞቹ ከፓርላማው ሲለዩ ቀስ በቀስ ለራሳቸው ተጨማሪ ሥልጣን ይወስዳሉ የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ ሲከፈትም አብረው አልተሻገሩም፤ የእንግሊዝና የዌልስ የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤቶች የበላይ የሆነውን ሹመት ይዘው ወደ ይግባኝ ሰሚው ተመለሱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን የዚያው የፈሩት ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ።

የቢንያም መዝገብ

ቢንያም መሐመድ በ1978 ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ። በ1994 ለንደን ገብቶ ጥገኝነት ጠየቀ። ገና አፍላ ነበር። በምዕራብ ለንደን ኖረ፣ በጽዳት ሠራ። በ2001 ወደ አፍጋኒስታን ሄደ። እሱ ከአደንዛዥ ዕፅ ለመራቅ ነው የሄድኩት ይላል። አሜሪካኖች ለጦር ሥልጠና ነው የሄደው አሉ። ኤፕሪል 2002 በሰው ፓስፖርት ፓኪስታንን ለቆ ሊወጣ ሲል ካራቺ አየር ማረፊያ ተያዘ።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ፓኪስታን ውስጥ በአሜሪካኖች ተመረመረ። የብሪታንያው የአገር ውስጥ የስለላ መሥሪያ ቤት፣ ኤምአይ ፋይቭ፣ መኮንን ልኮ አነጋገረው። በጁላይ 2002 ሞሮኮ ተወሰደ። እዚያ ለአንድ ዓመት ተኩል ገደማ እንደተሰቃየ፣ ሰውነቱም በስለት እንደተቆረጠ ተናግሯል። ከሞሮኮ አፍጋኒስታን፣ ከአፍጋኒስታን ጓንታናሞ። በራዲዮአክቲቭ ቦምብ ሴራ ተጠርጥሮ ክስ ቀርቦበት ነበር፤ ክሱ በ2008 ተነሳ። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2009 ለንደን አቅራቢያ ካለ የጦር አየር ማረፊያ ከአውሮፕላን ወረደ። ስድስት ዓመት ከአሥር ወር ታስሮ ማለት ነው።

ለንደን ፍርድ ቤት የነበረው ክርክር ስለ ቢንያም ጥፋተኝነት አልነበረም። የብሪታንያ መንግሥት በእጁ ያለውን መረጃ ያውጣ አያውጣ የሚል ነው። የታችኛው ፍርድ ቤት በፍርዱ ውስጥ ሰባት አጫጭር አንቀጾች ጽፎ ነበር። የአሜሪካ ስለላ ቢንያም ፓኪስታን ሳለ ምን እየተደረገበት እንደሆነ ለኤምአይ ፋይቭ የነገረውን ያጠቃልላሉ። እንቅልፍ መከልከል፣ በሰንሰለት መታሰር፣ የደረሰበት እንደማይታወቅ ሆኖ ይጠፋል የሚል ማስፈራሪያ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ሚሊባንድ እነዚህ አንቀጾች ከታተሙ አሜሪካ ከእንግዲህ መረጃ አትሰጠንም ብለው ተከራከሩ። ጠበቃቸው በዘመኑ ከአገሪቱ ውድ ጠበቆች አንዱ የነበሩት ጆናታን ሳምፕሽን ናቸው።

ይግባኙን የሰሙት ሦስት የበላይ ዳኞች ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ኒውበርገር። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2010 አንቀጾቹ ይታተሙ ብለው ወሰኑ። ለመንግሥቱ ትልቅ ሽንፈት ነበር። እንዲህ ብቻ ቢያልቅ ኒውበርገር በቢንያም መዝገብ እንደ ጀግና ይወሱ ነበር።

አላለቀም። በብሪታንያ ወግ ዳኞች ፍርዱን በይፋ ከማሰማታቸው በፊት ረቂቁን ለሁለቱም ወገን ጠበቆች በምስጢር ይሰጣሉ። የቃል ወይም የቁጥር ግድፈት ካለ እንዲታረም ነው። ኒውበርገር በረቂቃቸው ውስጥ ኤምአይ ፋይቭን ክፉኛ የሚወቅስ አንቀጽ ጽፈው ነበር፤ ቁጥሩ 168 ነው። ሳምፕሽን ረቂቁን ሲያዩ ለፍርድ ቤቱ ደብዳቤ ጻፉ። ይህ አንቀጽ እንዲህ እንዳለ ከወጣ መሥሪያ ቤቱ ሰብዓዊ መብት አያከብርም፣ የፓርላማውን የቁጥጥር ኮሚቴም አሳስቷል ተብሎ ይነበባል፤ ይታሰብበት የሚል ደብዳቤ ነው። ኒውበርገር አሰቡበት። አንቀጹን አወጡት።

ከዚያ ደብዳቤው ራሱ አደባባይ ወጣ። ነገሩ ተገለበጠ ማለት ነው። የተደበቀው አንቀጽ ምን እንደሚል አሁን ሁሉም ከሳምፕሽን ደብዳቤ አነበበው፤ ያውም ከመጀመሪያው በባሰ አነጋገር። የቢንያም ጠበቆችና ጋዜጦች ተቃወሙ፤ በመንግሥት ጠበቃ ጥያቄ ፍርድ እንዴት ይቀየራል አሉ። ፌብሩዋሪ 26 ፍርድ ቤቱ አንቀጹን አስተካክሎ መለሰው። መሥሪያ ቤቱን በጅምላ ከመውቀስ ይልቅ፣ ከቢንያም ሥቃይ ጋር በነበራቸው ግንኙነትና ይህንንም በግልጽ በመናገር ረገድ ታሪካቸው አጠራጣሪ የሆነ አንዳንድ መኮንኖች አሉ የሚል ይዘት ያዘ።

ይህን ጉዳይ ሰዎች በሁለት መንገድ ያነቡታል። ሰውየው ፈሪ ናቸው የሚል አለ። እኔ እንደዚያ አላየውም። ፈሪ ሰው ሰባቱን አንቀጾች አያሳትምም። የታየኝ ሌላ ነገር ነው። ለኒውበርገር ፍርዱ ዋናው ውሳኔ ነው፣ የቀረው ቃላት ነው። በቃላቱ ላይ መደራደር ይቻላል። ከውጭ ሆኖ የሚያየው ሰው ግን የሚሰማው ቃላቱን ነው፤ ማን ለማን ደብዳቤ ጻፈ፣ ማን ምን አወጣ የሚለውን። ይህን ክፍተት አሥራ አራት ዓመት ቆይቶ ሆንግ ኮንግ ላይ እናገኘዋለን።

በነገራችን ላይ ቢንያም በዚያው ዓመት እንደገና እሳቸው ችሎት ቀርቧል። እሱና ሌሎች የቀድሞ የጓንታናሞ እስረኞች መንግሥትን በካሳ ከሰሱ። መንግሥት መከላከያዬን ከሳሾቹ በሌሉበት፣ በዝግ ችሎት ላቅርብ አለ። ሜይ 4 ቀን 2010 ኒውበርገር የይግባኝ ሰሚውን ፍርድ ሰጡ፤ አይሆንም። ምክንያቱን ሲያስረዱ የጻፉት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። መንግሥት በዚህ ዓይነት መንገድ ቢያሸንፍ እንኳ ድሉ ከሽንፈት የማይሻል ነው፤ ሰው አካሄዱን ስለማያምነው የአሸናፊው ስም ይጎዳል አሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ መንግሥት ክርክሩን ትቶ ለአሥራ ስድስት ሰዎች ካሳ ለመክፈል ተስማማ፤ ጥፋተኛ ነኝ ግን አላለም። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2011 ይህንኑ ፍርድ ደገፈ። ከዚያ ፓርላማው በ2013 አዲስ ሕግ አወጣና ፍርድ ቤት የከለከለውን ዝግ ችሎት ፈቀደ። ብሪታንያ ውስጥ የመጨረሻው ቃል የፓርላማው ነውና ዳኞቹ ዝም አሉ።

በፕሬዚዳንትነት አምስት ዓመት

ከ2012 እስከ 2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን መርተዋል። ሁሉንም መዝገብ መዘርዘር አያስፈልግም። ሁለቱን ብቻ ላንሳ።

አንደኛው የልዑል ቻርልስ ደብዳቤዎች ነው። የአሁኑ ንጉሥ ማለቴ ነው። ልዑሉ ለሚኒስትሮች የጻፏቸው የጉትጎታ ደብዳቤዎች ነበሩ። ጋርዲያን ጋዜጣ በመረጃ ነፃነት ሕግ ጠየቃቸው፤ የጠየቀው በ2005 ነው። ጉዳዩን ያየው ፍርድ ቤት ይውጡ ብሎ ወሰነ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ግን ሕጉ በሚሰጠኝ ሥልጣን ውሳኔውን ሽሬዋለሁ አሉ። በ2015 ኒውበርገር ዋናውን ፍርድ ጻፉ። አንድ ሚኒስትር የፍርድ ቤትን ውሳኔ ስላልተስማማበት ብቻ ሊሽረው አይችልም፤ እንዲህ ዓይነት ሥልጣን የሕግ የበላይነትን የሚያፈርስ ስለሆነ ፓርላማው በግልጽ ቃል ካልጻፈው በቀር የለም አሉ። ደብዳቤዎቹ በሜይ 2015 ወጡ። ይዘታቸው ያን ያህል የሚያስደነግጥ አልነበረም። ስለ ሄሊኮፕተር፣ ስለ ገበሬዎች፣ ስለ ከብት በሽታ። ለአሥር ዓመት የተከለከለው ይህ ነበር።

ሁለተኛው ብሬግዚት ነው። ሕዝቡ በጁን 2016 ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ብሎ ድምፅ ሰጥቷል። የቴሬዛ ሜይ መንግሥት መውጫውን ደብዳቤ ፓርላማ ሳይጠይቅ ሊልክ ፈለገ። የታችኛው ፍርድ ቤት አይቻልም ሲል አንድ ጋዜጣ የሦስቱን ዳኞች ፎቶ ደርድሮ «የሕዝብ ጠላቶች» የሚል ርዕስ ለጠፈበት። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ወሬው ወደ ኒውበርገር ቤት ዞረ። ባለቤታቸው በትዊተር ብሬግዚትን የሚነቅፍ ነገር ጽፈው ስለነበር ይነሱ ተባለ። አልተነሱም። በፍርድ ቤቱ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አሥራ አንዱም ዳኞች ተቀመጡ፤ ጃንዋሪ 24 ቀን 2017 ስምንት ለሦስት ፓርላማው ይጠየቅ ብለው ወሰኑ። ፍርዱን በካሜራ ፊት ያነበቡት ኒውበርገር ናቸው። ፓርላማው ተጠየቀ፣ በሳምንታት ውስጥም ፈቀደ። ዳኞቹ ብሬግዚትን አላስቆሙም። ማን መወሰን እንዳለበት ብቻ ነው የተናገሩት። ኒውበርገር በኋላ ፖለቲከኞቹ ዳኞቹን ለመከላከል ዘግይተዋል፣ የተናገሩትም ጥርት ያለ አልነበረም ሲሉ ወቅሰዋል።

በእነዚህ ሁለት ጉዳዮች ሰውየው ብረት ናቸው። ሕጉ ግልጽ ሲሆንና መንግሥት ከመስመር ሲወጣ ንቅንቅ አይሉም።

ጡረታ የወጣ ስም

ሴፕቴምበር 2017 ጡረታ ወጡ። የብሪታንያ ጡረተኛ ዳኛ ግን ቤቱ አይቀመጥም። የግልግል ዳኛ ይሆናል፣ የሕግ ምክር ይጽፋል፣ ክፍያውም ጥሩ ነው። እዚህ ላይ ሎርድነቱ ዋጋ ያወጣል።

የፖስታ ቤቱን ቅሌት የሰማ ሰው ይኖራል። ሆራይዘን የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት ሒሳብ እያዛባ፣ ከዘጠኝ መቶ በላይ የቅርንጫፍ ፖስታ ቤት ሠራተኞች ሌቦች ተብለው ተፈረደባቸው። በ2019 ሠራተኞቹ ባቀረቡት የፍትሐ ብሔር ክስ የመጀመሪያው ትልቅ ፍርድ ፖስታ ቤቱን ክፉኛ መታው። ፖስታ ቤቱ ዳኛው አድልዎ ስላሳዩ ይነሱልኝ ለማለት አሰበ። የሕግ ምክር ከጠየቃቸው ሰዎች አንዱ ሎርድ ኒውበርገር ናቸው። አቤቱታው በቂ መሠረት አለው ብለው ጻፉ። ፖስታ ቤቱ አቤቱታውን አቀረበ፣ ዳኛው ውድቅ አደረጉት፣ ይግባኝ ሰሚውም ይግባኙን አልቀበልም አለ። ምክር መስጠት ወንጀል አይደለም። ጠበቃ ይሳሳታል። ነገር ግን የፖስታ ቤቱ የቦርድ ሰዎች በኋላ ስለ ቅሌቱ በተደረገው ምርመራ ላይ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነሱት ክርክሩን ሳይሆን ስሙን ነው፤ የቀድሞው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እንዲህ ካሉ እኛ ማን ነን? ስሙ ሥራውን የሠራው ባለቤቱ ባላሰበው መንገድ ነው።

ሆንግ ኮንግ

ሆንግ ኮንግ በ1997 ወደ ቻይና ስትመለስ የመጨረሻው ይግባኝ ለንደን መሄዱ ቀረና የራሷ ፍርድ ቤት ተቋቋመ። የከተማዋ መሠረታዊ ሕግ ግን አንድ ነገር ፈቀደ፤ የእንግሊዝን የሕግ ሥርዓት ከሚከተሉ አገሮች ዳኞች መጋበዝ ይቻላል። በትልልቅ መዝገቦች አምስት ዳኞች ሲሰየሙ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ የውጭ ሰው ነው። ለባለሀብት መልእክቱ ግልጽ ነበር። ገንዘብህን አምጣ፣ የምታምነው ዳኛ አለ።

የውጭ ዳኛ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1942 ኢትዮጵያ ከብሪታንያ ጋር ባደረገችው ስምምነት የእንግሊዝ ዳኞች በኢትዮጵያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቀመጡ ተደርጓል። ያኔም ዋናው ነገር የውጭ ሰዎችን እምነት ማግኘት ነበር። የውጭ ዳኛ እውቀቱን ብቻ ሳይሆን አመኔታም ያበድራል።

ኒውበርገር ከ2009 ጀምሮ በሆንግ ኮንግ ዝርዝር ውስጥ አሉ። በ2017 እዚያው ሄደው ሲናገሩ የውጭ ዳኞችን በከሰል ጉድጓድ ውስጥ ከምትገባው ካናሪ ወፍ ጋር አመሳሰሏቸው። የድሮ ማዕድን ቆፋሪዎች ወፊቱን ይዘው ይገቡ ነበር፤ መርዛማ ጋዝ ካለ ቀድማ የምትወድቀው እሷ ናት። የውጭ ዳኞች በሰላም እየሠሩ ከሆነ ነገሩ ደህና ነው ማለታቸው ነው።

ጁን 30 ቀን 2020 ቤጂንግ የብሔራዊ ደህንነት ሕጉን አወጣች። በማርች 2022 በሥራ ላይ ያሉት ሁለት የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች፣ ሎርድ ሪድና ሎርድ ሆጅ፣ ለቀቁ። ከፖለቲካና ከንግግር ነፃነት የራቀን አስተዳደር የደገፍን ሳይመስል መቀመጥ አንችልም አሉ። ጡረተኞቹ ግን ቆዩ። ኒውበርገር ቆዩ። በ2019 ዝርዝሩ ውስጥ የገቡት ሳምፕሽንም ቆዩ።

ሳምፕሽን የለቀቁት በጁን 2024 ነው። ዕጩዎቻቸውን ለመለየት መደበኛ ያልሆነ ቅድመ ምርጫ በማካሄዳቸው የተከሰሱ አሥራ አራት የዴሞክራሲ ታጋዮች ጥፋተኛ በተባሉ በቀናት ውስጥ። ዝም ብለው አልወጡም፤ ጋዜጣ ላይ ጽፈው ወጡ። ሆንግ ኮንግ ቀስ በቀስ ፍፁም አምባገነን አገር እየሆነች ነው፣ መንግሥት በሚያተኩርባቸው ጉዳዮች ሁሉ የሕግ የበላይነት ክፉኛ ተጎድቷል አሉ። ልብ በሉ፤ እኒህ ሰው በ2010 የስለላ መሥሪያ ቤቱ ስም እንዳይጎድፍ አንድ አንቀጽ እንዲወጣ የጻፉት ሳምፕሽን ናቸው። የሰብዓዊ መብት ታጋይ ብሎ የሚጠራቸው የለም። ይልቁንም ፍርድ ቤቶች ፖለቲካ ውስጥ በዝተው ገብተዋል እያሉ የሚከራከሩ ወግ አጥባቂ ናቸው። ስለ ስም ጉዳይ ግን ከኒውበርገር ቀድሞ የገባቸው ይመስለኛል። ደብዳቤውም፣ የጋዜጣው ጽሑፍም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ሰው ፍርዱን የሚያነበው በዙሪያው ካለው ጋር ነው።

ሳምፕሽን በለቀቁ በሁለተኛው ወር የኦገስቱ ፍርድ ወጣ። ኒውበርገር የራሳቸውን ተጨማሪ አስተያየት ጽፈዋል። በእንግሊዝ የቅርብ ዓመታት ፍርዶች መሠረት ሰልፈኛን ጥፋተኛ ከማለት በፊት እስሩም ክሱም ተመጣጣኝ እንደነበር መመዘን አለበት የሚል ክርክር ቀርቦ ነበር። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ሕጉ ራሱ ቀድሞ በ2005 ከመሠረታዊ ሕጉ ጋር ይስማማል ተብሏል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ጥፋተኝነት እንደገና መመዘን አያስፈልግም አለ። ኒውበርገር የጨመሩት የሁለቱ አገሮች የሕገ መንግሥት አወቃቀር ስለሚለያይ የእንግሊዞቹ ፍርዶች እዚህ አይሠሩም የሚለውን ነው። በ2005 የተሸነፈው ሰው ሊዩንግ ክዎክ ሁንግ ይባላል። በ2024ም ከሰባቱ አመልካቾች አንዱ እሱው ነበር።

ክርክሩ በሕግ ዓይን ቂል አይደለም። የሕግ ተማሪ ቢጽፈው ጥሩ ነጥብ ያገኛል። ሌላም ማስተባበያ አለ። ይህ የደህንነት ሕጉ መዝገብ አልነበረም፤ ሕጉ ከብሪታንያ ዘመን የወረደ የሰልፍ ሕግ ነው። በደህንነት መዝገቦች ላይ የሚሰየሙት ዳኞች የከተማዋ መሪ የሚመርጧቸው ናቸው፤ ኒውበርገር እዚያ ውስጥ አልነበሩም። ጂሚ ላይ በዲሴምበር 2025 በደህንነት ሕጉ ጥፋተኛ የተባሉበት ችሎት ላይም የሉበትም። ዳኛ በፊቱ የቀረበለትን በሕጉ መሠረት መወሰን ነው ሥራው ይላሉ ራሳቸውም። መቆየታቸውን ሲያስረዱ ደግሞ በመኖሬ በጎ መሥራት ከቻልኩና መውጣቴ ጉዳት ያመጣል ብዬ ካሰብኩ የሆንግ ኮንግ ባልደረቦቼን መደገፍ እፈልጋለሁ ብለዋል።

ይህን መልስ አልንቀውም። የአገሬው ዳኞች ሥራ ለቀው አውሮፕላን መሳፈር አይችሉም። ሁሉም የውጭ ዳኛ ከወጣ እነሱ ብቻቸውን ይቀራሉ። ደግሞም ሆንግ ኮንግ የሚታየው ጉዳይ ሁሉ ፖለቲካ አይደለም፤ ግብር አለ፣ ውል አለ፣ ኒውበርገር የሚወዱት የመሬት ክርክር አለ።

ችግሩ ኒውበርገር ራሳቸው በ2010 የጻፉት ነው። አካሄዱን ሰው ካላመነው ድሉ የአሸናፊውን ስም ይጎዳል ያሉት እሳቸው ናቸው። ያኔ የተናገሩት ስለ መንግሥት ነበር። የሆንግ ኮንግ ተከሳሾች ለዓመታት ሲታሰሩና ጋዜጦች ሲዘጉ፣ በዚያ መካከል በአምስት ዳኞች አንድ ድምፅ የተሰጠ ንፁህ የሕግ ክርክር ማንን ነው የሚያሳምነው? የከተማዋ መንግሥት የሚፈልገውም የኒውበርገርን ክርክር አይመስለኝም። ክርክሩን የሆንግ ኮንግ ዳኞችም ጽፈውታል። የሚፈልገው በፍርዱ ግርጌ ያለውን ስም ነው። ወፊቱ ጉድጓድ ውስጥ እየዘመረች ነው ለማለት።

የሕጉ ክርክር ከስህተት ይልቅ ወደ ልክነት ያደላል ባይ ነኝ። ያጠፉት ከፍርዱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ ሪድና ሆጅ ሲወጡ አብረው መውጣት ነበረባቸው። ያኔ ቢወጡ ኖሮ የኦገስቱ ፍርድ ያው ይሆን ነበር፤ ጂሚ ላይም ያው እስር ቤት ናቸው። ልዩነቱ የአቦትስበሪው ባሮን ስም ከታች አለመኖሩ ብቻ ነው። በቀደሙት ዓመታት ወደ አሥራ አምስት የሚደርሱት የውጭ ዳኞች ዛሬ ከግማሽ በታች ወርደዋል፤ አንዳንዶቹ ዘመናቸው ሲያልቅ አላደሱም፣ አንዳንዶቹ እንደ ሳምፕሽን ጽፈው ወጡ።